ነጠላ የያዘው ክንድ

ዝናቡ ድንገት ሲወርድ የግቢው ሴቶች ሁሉ ልብስ ወደተሰጣበት ገመድ ሮጡ። ትርሲት ግን ቀስ ብላ እየተራመደች ወጣች። ሩጫዋን ለክለቡ ካስረከበች ዓመት አለፋት። እግሯ ደህና ነው፤ ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል። መሮጥ ብቻ ከውስጡ ወጥቷል።

ሴት ሯጮች ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዶች እኩል የተከፈላቸው እሷ ከክለቡ ጋር በፈረመችው ዓይነት ውል ነበር። በውሉ መሠረት ከውድድር የምትወጣ ሯጭ ሩጫዋን ትታ ትሄዳለች፤ ክለቡም ለተተኪዋ ይሰጠዋል። ያስረከበች ቀን የክለቡን ጸሐፊ፣ «እናንተ ያስተማራችሁኝን ውሰዱ። በልጅነቴ ለደስታዬ የሮጥኩትን ግን ተዉልኝ» ብላው ነበር።

«አይለያይም እህቴ» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

እርጥቡን ልብስ ታቅፋ ስትመለስ ልጇ ማኅሌት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ውድድር ታያለች። የክለቡን ማልያ የለበሰች አንዲት ወጣት ሯጭ ከፊት ትመራለች። ግራ ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቃለች።

ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት እየሮጠች ስትሄድ፣ ነጠላዋ እንዳይወድቅባት በግራ ክንዷ ሥር ትወሽቀው ነበር። ክለብ ገብታ ነጠላውን ከተወች በኋላም ክንዷ ከጎኗ አልላቀቅ ብሎ፣ አሠልጣኟ ስንት ዓመት ተቆጥቷታል።

«እማዬ፣ ይቺ ልጅ ብብቷ ሥር ምን ይዛ ነው የምትሮጠው?»

«ነጠላዬን» አለች ትርሲት።

ማኅሌት ነጠላውን ለማየት ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።