አደራ፣ እንዳይምሩት

ሀብተሚካኤል ሲገላበጥ አድሮ በጠዋት ተነሳ። ሆዱን እንደ ሰሞኑ ሁሉ ያቃጥለዋል። ሚስቱ አለሚቱ የተተኮሰ ሸሚዙን ሰጠችው፤ የአውራ ጣቱን ፕላስተርም ቀየረችለት።

«ዛሬ ሁሉን በሆድህ ይዘህ እንዳትመጣ» አለችው። «ምን እንዳደረጉህ ይወቁት። ተናገር።»

«ሥራዬን ቢያሳጡኝስ?»

«ዝም ብትል ይተዉሃል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሚኒስትር ዴኤታ ላይ ክስ ተነስቷል፤ ሠራተኛ ይሰድባል፣ ያዋርዳል፣ የያዘውን ይወረውራል የሚል። ከበላይ ታዞ፣ ቃሊቲ ባለው የመሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛ አዳራሽ ዛሬ ግምገማ ተጠርቷል። በዚያ ዘመን ደግሞ ግምገማ ቀልድ አልነበረም፤ ሰው በሰው ፊት እንደ ሽንኩርት የሚላጥበት፣ አስለቃሹም አልቃሹም በአንድ በር የሚገቡበት ቦታ ነው። አንዱ ከዚያ ወጥቶ ያድጋል፣ ሌላው እንጀራውን እዚያው ጥሎ ይወጣል። ሀብተሚካኤል ዛሬ የሚናገረው ቃል ሥራውንም የመንግሥት ቤቱንም ያተርፍለታል፣ ወይም ያሳጣዋል።

ሁልጊዜ በመኪና የሚወስደው ቀናው አልመጣም። እሱም ከመስካሪዎቹ አንዱ ነው። ሀብተሚካኤል ከሳሪስ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ «ጠጋ፣ ጠጋ በሉ!» እያለ ከኋላው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው አደረገው፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መስኮቱን ሊከፍት ሞከረ፣ አልከፈት አለው።

ቀድሞ ስለደረሰ ከአዳራሹ ማዶ ካለች ሱቅ በራፍ ተቀመጠ። ባለሱቋ ዙለይኻ ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች፤ ለጠዋት ሰው ደግሞ ከቴርሞስ ሻይ ትቀዳለች። ከዚህ በፊት አይቷት አያውቅም፣ እሷም አታውቀውም።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቁሯል? አሞዎታል?»

«ሆዴን ነው። ሥራ ቦታ ሰላም የለም» አለ። ለማያውቁት ሰው የልብን መናገር ይቀላል።

«አለቃ ነው?»

ሀብተሚካኤል ሻዩን ትክ ብሎ አየ። «ሰው ላይ ሲነሱበት ምን እንደሚመስል አታውቂም» አላት።

«አታውቂም ይሉኛል? ታናሽ እህቴን ማን ሲያስታምም ከረመ? ቢሮ ነው የምትሠራው። አለቃዋ አውሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ልክ እንደርስዎ ሆዷን ይዛ ነው የምትወጣ።»

ሀብተሚካኤል ከልቡ አዘነ። «ምስኪን» አለ። «እግዜር ይፍረድላት።»

«አላህማ ይፈርዳል። የማትፈርዱት እናንተ ናችሁ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያላችሁ ሰው ታስፈጃላችሁ።» ወደ አዳራሹ በአገጯ ጠቆመች። «ዛሬ ግምገማ አለ አሉ። ለዚያ ነው የመጡት?»

«ለዚያ ነው።»

«ይናገሩ እንግዲህ። ያንን ሰውዬ አደራ፣ እንዳይምሩት!»

የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለችው። እንዲህ ያለ ደግነት ካየ ሰንብቷል፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በሩ ላይ ዘበኛው ሲያየው ብድግ አለ። ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰላም ያለው የለም። በኮሪደር ሲያልፍም ሁሌ እንዲሁ ነው፤ እሱ ሲመጣ ጨዋታው ይሞታል። ሰው መሐል ሆኖ ብቻን መቅረት እንዴት ያንገበግባል!

ስልክ ተሰበሰበ፣ በሩም ተቀረቀረ። የግምገማ ወግ ነው፤ ሳያልቅ ማንም አይወጣም። ሀብተሚካኤል ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ከመድረክ መሪው ጎን አንድ ወፍራም ባለሥልጣን ሁለት እጁን አጣጥፎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። ሀብተሚካኤል እሱን ላለማየት ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

መጀመሪያ ቀናው ተነሳ። «አባቴን ቀብሬ ለቅሶ ሳልቀመጥ ሚኒስትር ዴኤታው ደወሉልኝ። ‹የሞትከው አንተ አይደለህም፣ ና!› አሉኝ።»

ሀብተሚካኤል ያንን ቀን ያስታውሰዋል። ያለ መኪና ነበር የዋለው።

ቀጥላ ጸሐፊዋ አዚዛ ቆመች። ሀብተሚካኤል ዓይኗን ሲያይ ክው አለ፤ የዙለይኻ ዓይን ነው።

«የሻይ ብርጭቆ ወረወሩብኝ» አለች። «ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ስባሪውን በእጄ አስለቀሙኝ። ከገላን ኮንዶሚኒየም በሰርቪስ ስመጣ፣ ምነው መኪናው በተበላሸ እላለሁ። ልቅር እንዳልል እናቴን የማበላው እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሀብተሚካኤል ፕላስተሩን ዳበሰ። የዚያ ብርጭቆ ስባሪ የእሱንም ጣት ቆርጦታል። እንዴት ሆንክ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ሌሎችም ተነሱ፣ ሌሎችም አለቀሱ። ላብ አጠመቀው። በሩን ዞር ብሎ አየ፤ መቀርቀሪያው እንደወደቀ ነው። የሚስቱ «ተናገር» እና የዙለይኻ አደራ ጆሮው ውስጥ ይጮኻሉ።

ወፍራሙ ባለሥልጣን ወደ መድረክ መሪው ጠጋ ብሎ ሹክ አለው። መድረክ መሪው ራሱን ነቀነቀና ወደ ፊተኛው ረድፍ ጫፍ ተመለከተ።

«የሠራተኛው ሂስ እዚህ ላይ ይብቃ። አሁን ግለሂስዎን እንስማ፤ ይነሱ፣ ክቡር ሚኒስትር ዴኤታ ሀብተሚካኤል።»