የረቡዕ ዶሮ

1931 ዓ.ም.፣ ጥር ወር፣ ረቡዕ ቀን። ጧት ውርጭ ነበር፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች።

ጎጃም፣ ከአምበር ከተማ በላይ ባለው ቤቴ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ልጄ ሙላት ጓዳ ተኝቷል። ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ እግሩን በጥይት ተመትቶ ነው የመጣው። ጣሊያን ካገኘው ይሰቅለዋል...

ወዳጄ ባዘዘው መጣ።

የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ፣ የጣሊያን ጦር ሰፈር ውስጥ ምግብ ያበስላል። አገሩ ሁሉ "ባንዳ" ይለዋል።

አጠገቡ ጠመንጃ ያነገተ ጣሊያን አለ። እንቁላል ሊገዙ በመኪና ነው የወጡት። ወታደሩ አማርኛ ይሰማል።

ባዘዘው ትኩስ የሸክላ ድስት አቀበለኝ። ሽታው ጎረቤት ይጠራል...

"ዶሮና ድንች ነው፣ ውቤ። ራሴ ባርኬ ያረድኩት። እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጋገርኩት።"

ባለቤቴ የብርጓል ብቅ አለች።

"በረቡዕ ዶሮ?! ፈረንጅ ቤት ገብተህ ጾሙም ጠፋህ አንተ?"

"ብዪ እንጂ እቴ! አንድ ቀን ብትበዪ ምን ትሆኛለሽ?"

"አንተው ዋጠው! ኩነኔውም ያንተው ይሁን!"

ወታደሩ ከት ብሎ ሳቀ። ባዘዘውም ሳቀ።

"ድስቱን አትመልሱልኝ" አለና ሄደ...

የብርጓል ልትደፋው ተነሣች።

"ተይው" አልኳት።

"ልትበላው ነው?!"

"ዝም በይ።"

ቆሜ አሰብኩ...

ባዘዘው በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ረቡዕ አይጠፋውም። ዛሬ የማይበላ ምግብ ከላከ፣ ለነገ ብሎ ነው።

ከጎረቤት የመጣ ድስት ደግሞ ይመለሳል። ያውም ባዶውን አይመለስም። "አትመልሱ" የሚባለው መንገድ ለሚሄድ ሰው ነው።

ይሄ ምሳ አይደለም...

ስንቅ ነው!

"ልጁን በቅሎ ላይ እናውጣው" አልኳት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብቱንም ልጁንም ድስቱንም ይዘን ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን።

ሐሙስ ጧት ከላይ ሆነን አየን። ወታደር ቤታችንን ከቧል። ማንንም ሲያጣ ጎጆውን አቃጠለው።

ይቃጠል። ጎጆ በሣር ይሠራል፤ ልጅ አይሠራም።

ድስቱን ከፈትን። ድንቹ የዶሮውን ስብ ጠጥቶ ጠግቧል። ቀዝቅዞ እንኳ እንደዚያ የጣፈጠ ምግብ በልቼ አላውቅም።

የብርጓል እየበላች አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች።

"ምላሴን ይቁረጠው... ጨው ግን አሳንሷል!"

ጣሊያን ሲወጣ ሰዉ ባዘዘውን ሸንጎ አቆመው። "ባንዳ ነው፣ ይሰቀል!" አሉ።

እኔ ንግግር አልወድም። ሙላትን መሐል ወስጄ አቆምኩት። እያነከሰም ቢሆን ቆመ።

"ይሄን ያዳነው እሱ ነው። ወጥ ቤት ሆኖ የሰማውን በድስት ላከልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ለቀቁት።

በማግስቱ ያንኑ ድስት ዶሮና ድንች አስሞልቼ ወደ ቤቱ ወሰድኩለት።

"አትመልሱ ብዬ አልነበር?" አለኝ።

"ባዶውን አላመጣሁትም" አልኩት።

ሐሙስ ነበር። አብረን በላን።

ወዳጃችሁን ሰው በሚለው ሳይሆን እናንተ በምታውቁት መዝኑት።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ያን ድስት ትደፉት ነበር?