አባት፣ ሶፋ ላይ

ሕጉ የፈጠራ ሰው ያደገበት ቤት ፈጠራው በተገኘበት ቀን እንደነበረው ሆኖ እንዲቆይ ያዛል። ልጄ ትዕንግርት ወተት እንዳይገነፍል የሚያደርገውን ክዳን የሠራችው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ያንጠባጥባል፤ ማስጠገን ክልክል ነው። ትዕንግርት አሁን የራሷ ቤት አላት። የእሷ ቧንቧ አያንጠባጥብም።

ተቆጣጣሪው አቶ ገረመው በየሦስት ወሩ በዚያ ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ የተጻፈበትን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ዛሬም ጠብታውን ቆጥረው ሲጨርሱ ሶፋው አጠገብ ቆሙ።

«አባት፣ ሶፋ ላይ የተኛ፣ ፊቱ ላይ ጋዜጣ» ብለው አነበቡ።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እስካሁን «ለጊዜው ወጥቷል» እያሉ ሲጽፉልኝ ቆይተዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ከእንግዲህ አይቻልም። የጎደለ ሁሉ ይተካ ተብሏል። ሰኞ አንድ ሰው ይላክልዎታል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ጨዋ ሰው ነው። ማንኮራፋትም ይችላል።»

«የእኔ ባል አያንኮራፋም ነበር።»

ወረቀቱን ገለጡ። «ማንኮራፋት፣ መካከለኛ» ይላል።

«ከቤተሰቡ ሰው ቢተካውስ?» አልኳቸው።

ደንቡን ፈልገው አነበቡ። «አይከለክልም።»

ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ተጋደምኩ፤ ክዳኑ በተሠራበት ቀን የወጣውን ጋዜጣም ፊቴ ላይ ዘረጋሁት። እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«አባት፣ አለ» አሉ እየጻፉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ማንኮራፋቱስ?»

«እሱ እርስዎ ሲወጡ ይጀምራል» አልኳቸው ከጋዜጣው ሥር።