ያልተነበበው አንቀጽ

ጎንደር ውስጥ አዳዲስ ቤቶችን የሚሸጠው ዓለምነው፣ ውሉን ለወይዘሮ ይርገዱ ሲያነብላቸው አንቀጽ አሥራ ሁለትን ሆን ብሎ ዘለለው። «በግቢው ውስጥ ውሻም ሆነ ድመት አያድርም» ይላል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ አምነውት በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ቤታቸውን ሊያዩ ከአምባ ጊዮርጊስ ውሻቸውን አይምሬን አስከትለው የመጡ ዕለት ግን «ውል ውል ነው!» ብሎ ዘበኛውን ጠራና ውሻውን በዱላ አስገደለው። አይምሬ እስኪሞት ድረስ ዓይኑን ከዓለምነው ላይ አልነቀለም።

ዛሬ ወይዘሮ ይርገዱ ቁልፍ ሊረከቡ ብቻቸውን መጡ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቢሮው ውስጥ ተቀመጡ።

«አሻራዎን እዚህ ያኑሩ፣ እማማ።»

አኖሩ። ጥርት ያለ የአውራ ጣት አሻራ ወጣ።

«ሸጋ። አሁን ደግሞ ያንተን፣ ልጄ» አሉት።

አስረካቢም አሻራውን ማኖር ነበረበትና ዓለምነው ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገው። ሲያነሳው አንድ ሰፊ መዳፍና አራት ጣቶች ታትመዋል፤ ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ የጥፍር ጭረት አለ። የውሻ ዱካ ነው።

ሳቅ ብሎ ጣቱን በሶፍት ጠረገ። በሌላ ወረቀት ላይ ደገመው። ያው ዱካ ነው።

ወይዘሮ ይርገዱ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«ውል ውል ነው አላልከኝም? በል፣ ያን የዘለልከውን አሁን አንብብልኝ።»

ዓለምነው ሊያነብ አፉን ከፈተ።

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ከቢሮው ውስጥ ውሻ ሲጮህ ሰማና ዱላውን ይዞ ገባ።