የመስታወቱ ጠላት

በዚያ ላቦራቶሪ ሁለት ሰልጣኞች ነበሩ፤ ክፍት የሥራ መደቡ ግን አንድ ነው። ሁለቱም በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ለአንድ ዓመት ምርምር የገቡ ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱ ይቀጠራል፤ ሌላው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

አንደኛው ኖራ ይባላል። ስሙ አይደለም። ትምህርቱን የጨረሰው በየግንባታው ኖራ እያቦካ ስለነበር የወጣለት ነው። ኖራው እጁን በልቶታል። መዳፉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ብርድ ሲሆን ይደማል። እናቱ ከበግ ጠጉር የሚወጣውን ቅባት ከሰም ጋር አቅልጣ በጣሳ ትልክለታለች። ጠዋት ጠዋት እሱን ካልተቀባ ጣቱ አይታጠፍለትም።

ሌላው ሽቶ ነው። የባለሥልጣን ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ሽቶ ተነስንሶ መጣና የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ ከበር መለሱት።

“ታጠብና ና” አሉት። “እዚህ የምንሠራው ለሳተላይት የሚሆን መስታወት ነው። አየር አልባው ታንክ ውስጥ ሲሞቅ አንዲት ጠብታ ቅባት ትተንና መስታወቱን ታለብሰዋለች። ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላ ሄዶ የሚወለውለው የለም። ከዛሬ ወዲያ ቅባት ይዞ የገባ በዚያው ቀን ይሰናበታል።”

ኖራ የላስቲክ ጓንቱን ከውጭ በባዶ ጣቶቹ እየጎተተ ሲያጠልቅ በሆዱ ሳቀ።

ለየራሳቸው አንድ አንድ መስታወት ተሰጣቸው። ቀን ሲያዘጋጁ ይውላሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታንኩ ይዘጋል። ጠዋት ተከፍቶ መስታወቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ይለካል። የሽቶ መስታወት እንከን የለውም። የኖራ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደህና ነው፣ አንዳንድ ቀን በልኬቱ ይወድቃል።

ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑን ይጠረጥር ነበር። ኖራ ግን ሰውን ያውቃል። ልጅነቱን ሙሉ የገነባውን ግንብ ሌላው የኔ ነው ሲል እየሰማ ያደገ ነው። ስለዚህ ቀኖቹን ቆጠረ። መስታወቱ የሚወድቀው ሽቶ ከሥራ በቀረ ማግስት ነው።

“ብልጠቱን አየህልኝ?” አለው ታንኩን ለሚዘጋው ቴክኒሻን። “‘እኔ አልነበርኩም’ እንዲል፣ አስቀድሞ አበላሽቶ ይቀራል።”

“በሌለበት ያበላሻል? ጠንቋይ ነው እንግዲህ” አለ ቴክኒሻኑ። “በል ዞር በልልኝ፣ ታንኬን ልዝጋ።”

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽቶ መታጠቢያው ጋ ጠበቀው።

“ወንድሜ፣ አትቀየመኝ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ከመግባትህ በፊት እጅህን በደንብ ብትታጠብ።”

የኖራ ፊት ቀላ።

“የሠራተኛ እጅ አስጠላህ?”

“እንደሱ ማለቴ አይደለም፣ ስማኝ . . .”

“የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሽቶ ሽቶ ስትሸት ከበር የተመለስከው አንተ! ይህ እጅ የአባቱን ስልክ አስደውሎ አይደለም እዚህ የገባው፤ ገባህ?”

ሽቶ ዞር ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ እጅ አንሥቶ አያውቅም።

ወር ሳይሞላ፣ ታንኩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ኖራ የረሳውን ደብተር ሊወስድ ተመለሰ። ሽቶ በኖራ መስታወት ላይ አጎንብሷል። በእጁ እርጥብ ጥጥ ይዟል።

ኖራ አንገቱን አነቀው።

“ያዝኩህ! አንተ የሰው ጠላት፣ ያዝኩህ!”

ጩኸቱ ኮሪደሩን አናጋው። ቴክኒሻኑና ዶክተሯ እየሮጡ ደረሱ።

“የሱን መስታወት ነክተሃል?” አሉ ዶክተሯ።

“ነክቻለሁ።”

“ለምን?”

ሽቶ የኖራን እጆች አየ። “ምክንያት የለኝም” አለ።

“ምን ምክንያት ይኖረዋል!” አለ ኖራ። “ምድሩን ይዘውት ሲያበቁ ሰማዩንም ሊቀሙን ነው! ጥጡ ይመርመር! ምን ሲቀባብኝ እንደከረመ በወረቀት ይጻፍልኝ!”

ቴክኒሻኑ ጥጡን በከረጢት አሸገው። ዶክተሯ ሽቶን በዚያው አሰናበቱት፤ እሱም ነጭ ጋውኑን አውልቆ ሰቀለ። በሩ ላይ ዞር ብሎ ለኖራ፣ “አይዞህ” አለው። ኖራ ሹፈት መሰለው፤ ባይዙት ኖሮ ይደግመው ነበር።

ሽቶ ከሄደ በኋላ መስታወቱ አንድም ደህና ቀን አላየም። በየጠዋቱ ይወድቃል።

“ትቶብኝ የሄደው መርዝ ነው” አለ ኖራ ጥርሱን ነክሶ።

እናቱ ደወለችለት።

“ሥራውስ፣ ልጄ?”

“የኔ ነው፣ እማዬ። ጠላቴን ነቅዬዋለሁ።”

“እሰይ! እጅህስ?”

“ጣሳው ሊያልቅ ነው። ሌላ ላኪልኝ።”

በአራተኛው ሳምንት ዓመቱ አለቀና ዶክተሯ አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ የቅጥር ውሉ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የታሸገ ፖስታ አለ።

“የጥጡ ውጤት መጥቷል” አሉ። “ፈርምና በኋላ እናየዋለን።”

“የለም! መጀመሪያ ይነበብ። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ፣ ቴክኒሻኑም ይስማ። ያን ዕለት በሌለበት ያበላሻል ወይ ብሎኝ ነበር።”

ቴክኒሻኑ ተጠርቶ በሩ ላይ ቆመ። ኖራ ለመፈረም ብዕሩን አነሣ። ብዕሩ አሟልጮት ወደቀ። ጣቶቹን በሱሪው ጠርጎ እንደገና አነሣው።

ዶክተሯ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ “በጥጡ ላይ የተገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመስታወት ማጽጃ አልኮልና የበግ ጠጉር ቅባት።”