መኪናው የኔ… ቁልፉ የሊቀመንበሩ

"መኪናው የኔ አይደለም እንዴ?" አለች ዘርትሁን።

"የርስዎ ነው። ማን ካደ?" አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጨመዳ።

"ታዲያ በገዛ መኪናዬ አንድ አጎበር ብሰፋ ምን አለበት?"

"መኪናው የርስዎ ነው፣ አዴ ዘርትሁን። ምን እንደሚሰፋበት የሚወስነው ግን ማኅበሩ ነው።"

ይህችን ነገር ያዙልኝ… ኋላ እንመለስባታለን።

ጊዜው ደርግ ነው… ከተማው ነቀምቴ።

ልብስ ሰፊዎች "ተደራጁ" ተብለው፣ የስፌት መኪናቸውን እያሸከሙ አንድ አዳራሽ ገብተዋል።

ዘርትሁንም ባሏ ተድላ ትቶላት የሞተውን መኪና አስገብታለች። ወዳ ነው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የሚሰፋው የተፈቀደው ብቻ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ ካኪ ሱሪ፣ ካኪ ኮት… አለቀ።

ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ከየመኪናው መርፌ ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ክር መያዣ ትወጣና ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባታል።

እሷ ከሌለች መኪናውን ቢረግጡት ቢረግጡት አንድ ስፌት አይሰፋም።

"ለናንተው ብለን ነው" ይባላል። "ሌባ እንዳይገባ፣ ክር እንዳይባክን፣ ሥራችን እንዳይበላሽ…"

ሁልጊዜ ለኛው ተብሎ ነው መቼስ!

የዘርትሁን ጭንቀት ግን ሌላ ነበር።

ልጇ ወለቴ መምህርት ሆና አንገር ጉቲን ተመድባለች። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባው አይጣል።

ወለቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። አንዴ ታማ በስንት መከራ ተነስታለች… ሁለተኛ ከያዛት ግን…

እናት ይህን ሐሳብ አትጨርሰውም።

ሻሽ ጨርቁን ገዝታ አስቀምጣለች። የቀራት መስፋት ብቻ ነው።

"አጎበር ከተፈቀደው ውስጥ የለም። እኔ ምን ላድርግ?" ብለው ኦቦ ጨመዳ ፊታቸውን አዞሩ።

አዳራሹን የሚጠርጉት በየተራ ነበር። የዘርትሁን ተራ ደረሰ። ሁሉም ወጥቷል።

እየጠረገች ሳጥኑ ጋ ስትደርስ… ቁልፉ እንዲሁ ተንጠልጥሏል። አልተቆለፈም!

"ሽማግሌው ረሱት" አለች በልቧ።

የራሷን ክር መያዣ አወጣች። ጀንበር እስክትጠልቅ ሰፋች። ከዚያ እንደነበረው መልሳ ወጣች።

በሚቀጥለው ተራዋም ኦቦ ጨመዳ ረሱ።

በሚቀጥለውም ረሱ።

"እንዲህ ያለውን መርሳት ያብዛልን" አለች ዘርትሁን። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም።

አጎበሩ አንገር ጉቲን ደረሰ። ወለቴ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

ዘርትሁን አራሷን ልትጠይቅ ስትወርድ የወለቴ ጎረቤት የሺወርቅ መጣች። ከወሎ መጥታ የሰፈረች ሴት ናት። የሚጠባ ወንድ ልጅ አዝላለች።

አጎበሩን በእጇ ዳሰስ አደረገችው።

"እማማ… ለኔም ልጅ ቢሰፉለት?"

"እሰፋለታለሁ የኔ ልጅ" ብላ ቃል ገባች።

ግማሹ ላይ ስትደርስ ኦቦ ጨመዳ ወደ ኡኬ ተዛወሩ። በሊቀመንበርነቱ ጓድ ጆቴ ተተኩ።

ጓድ ጆቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነቱን እንናገር። ቁልፍ የማይረሱ ሰው ነበሩ እንጂ።

ዘርትሁን ለመነች፣ አስለመነች።

"ጓዲት፣ ደንብ ደንብ ነው" አሉ።

በእጇ ልትጨርሰው ተቀመጠች። ዓይኗ ደክሟል… ጨርቁ ሰፊ ነው… ክረምቱ ወጣ፣ ወባው ቀደማት።

አጎበሩ አልቆ ሲደርስ፣ ከሥሩ የሚተኛው ልጅ አልነበረም።

ከወራት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ዘርትሁን ከኦቦ ጨመዳ ጋር ነቀምቴ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘች።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጨመዳ?"

"ፈያ፣ ገለታ ዋቃ… እግዜር ይመስገን! ወለቴ ደኅና ናት? አጎበሩ ጠቀማት?"

ዘርትሁን ክው አለች። አጎበሩ መሰፋቱን ማን ነገራቸው?

"እርስዎ… ቁልፉን ረስተውት አልነበረም?"

ኦቦ ጨመዳ ፈገግ አሉ።

"እኔ በዕድሜዬ ቁልፍ ረስቼ አላውቅም፣ አዴ።"

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። "ደግ ሰው አይጥፋ" ብለን ሼር አድርገን እንለያይ ነበር።

ዘርትሁን ግን አልሳቀችም። እንባዋ እየወረደ የየሺወርቅን ልጅ ነገር ነገረቻቸው።

ከዚያም እንዲህ አለች…

"ልክ መሆኑን ካወቁ፣ አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ላይ ለምን አልተናገሩም? የመኪናዬን ዕቃ ለምን በእጄ አልሰጡኝም?"

ኦቦ ጨመዳ አንገታቸውን ደፉ።

"ፈራሁ" አሉ። "እኔ በድብቅ ደግ ሆንኩ… ደንቡን ግን እንዳለ ለጆቴ አስረከብኩት።"

"ደግነትዎን እግዜር ይክፈልዎት፣ ኦቦ ጨመዳ። እኔ ግን የጠየቅሁት ደግነት አልነበረም… የገዛ መኪናዬን ነው።"

ወገኖቼ…

ዛሬ ስልክ በገንዘባችን እንገዛለን። የሰፈራችን ልጅ ለሰው የሚጠቅም አፕ ሠርቶ ሊጭንበት ሲል ከስልኩ ኩባንያ "አልተፈቀደም" ይባላል። አፑን የሚሠራበት መሣሪያም ይቆለፍበታል።

"ለናንተው ደኅንነት ነው" ይሉናል። ሌባ መኖሩ ውሸት አይደለም። ግን ስልኩ የኛ፣ የሚጫንበትን የሚወስነው ሌላ… ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ትዝ አላችሁ?

ቁልፍ የያዘው ሰው ደግ ሲሆን ደስ ይላል። ነገር ግን ሰው ይዛወራል፤ ቁልፉ እዚያው ይቀራል። የራስን ነገር በሰው ደግነት መጠቀም ባለቤትነት አይደለም።

እስኪ እናንተ ፍረዱ…

በኦቦ ጨመዳ ቦታ ብትሆኑ ሳጥኑን በዝምታ ክፍት ትተዉ ነበር ወይስ ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ ትናገሩ ነበር?

ዘመኑ ደርግ መሆኑን ሳትረሱ… የልባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።