ሬሳ የሚሥል አማች

ቤት ቀቢው ሰው መናቅ ይወዳል፤ በሙያው ከመጡበትማ አይጣል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲቀባ ልብሱ ላይ ጠብታ አርፎ አያውቅም። ራሱን የሚቀባ ቀቢ፣ ቀቢ አይባልም ባይ ነው። እናቷ የሞተችባትን አንድ ልጁንም በዚሁ ሥርዓት አሳደጋት፤ እጇ ላይ እድፍ አይታይም።

ታዲያ ይህ ሰው ሰሞኑን ሠዓሊ አማች ሊመጣብኝ ነው ብሎ እህል አልወርድ ብሎታል። አበባ ቢሣል፣ ወንዝ ቢሣል ምናለ? ዐውደ ርዕዩን ያየችው ጎረቤት ግን ጎረምሳው ከሚውልበት ስቱዲዮ የወጣው ሥዕል ሁሉ ሬሳ ነው ብላዋለች፤ ጉሮሮው የታረደ፣ ዐይኑ የፈጠጠ። ልጁ እዚያው እንደምትሠራ ራሷ ነግራዋለች። ወለል የምትጠርግ፣ ስልክ የምታነሳ መሰለው እንጂ ምን እንደምትሠራ ጠይቋት አያውቅም።

የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ነገሩን ሊያፈርስ ተነሣ።

የስቱዲዮውን በር ገፍቶ ሲገባ ጎረምሳው ወለል ላይ ተንጋሎ ዐይኑን ጨፍኗል። በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ! ኮቴ ሲሰማ ብድግ ብሎ ሸሚዙን ፈለገ። ከጆሮው ግንድ እስከ ደረቱ ቀይ ቀለም ተለቅልቋል። ቤት ቀቢው ጉድ አለ። እሺ፣ ብሩሽ መያዝ አያውቅም እንበል፤ አንገት ሥር ቀለም ምን ይሠራል? ልጁ እንደ ወትሮዋ ጽድት ብላ በነጭ ሽርጧ ጥግ ቆማለች። ወንበር ብታቀርብለት አልተቀመጠም።

ሸራው ላይ አንሶላ ለብሶ የታረደ ሰው አለ፤ ዝንቡ ሳይቀር ተሥሏል። ሊያጣጥለው ቀረብ ብሎ አየው። የአንሶላው ጠርዝ የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛነፈም። ይኼ ደግሞ ይብስ አናደደው። እንዲህ ያለ እጅ ተሰጥቶ ለጥንብ ማዋል!

ምን ነካህ፣ የሚሣል ነገር ጠፍቶ ነው ወይ አለው። ጎረምሳው ዞሮ ልጅቷን አየ። ማን አስተማረህ ቢለውም ያው እሷን አየ። ወኔ የለው፣ ምላስ የለው፣ ሚስት ግን አማረው። ልጅቷ ቆይ አባዬ፣ እኔ ላስረዳህ ስትል፣ ጠበቃ አልጠራሁም ብሎ አፏን አስያዛት።

"ስማ" አለ። "ይህን የሣለ ሰው እኔ በቁሜ እያለሁ የቤቴን ደጃፍ አይረግጥም፣ ከማዕዴ አይቆርስም። በሟች እናቷ እምላለሁ።"

ተናግሮ ቀለል አለው። በሟች ሚስቱ ምሎ አጥፎ አያውቅም፤ ይህን ልጁም ታውቃለች።

ልጅቷ ሽርጧን ፈታችና የቤቱን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት። "እሱማ መስመር እንኳ ማስመር አይችልም፤ ሬሳ እየሆነ የሚተኛልኝ ነው። ልብሴን በጎረቤታችን ላክልኝ" አለችው።